የሰባተኛው ቤት ልጅ

እናቷን የገደለቻት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ደም አልፈሰሰም። እንዲያውም ብስኩት እየበላች ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ የተማሪዎች አገልግሎት ልማድ አለው፤ አዲስ የመጣ ሰው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱ ሲያልቅ ስለ ሕይወቱ ይመሰክራል። ከእሷ በፊት የተናገረችው ልጅ አባቷ ዳኛ፣ እናቷ የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ የደረሰባት መከራ ደግሞ የድመቷ መታመም ነበር። በዚያም ቢሆን ተጨበጨበላት። ቀጥሎ አስተባባሪዋ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፣ ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱና «እናትሽስ ምን ይሠራሉ ልጄ?» አሏት።

እውነቱ አጭር ነበር። እናቷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። የሰው ደምና ትውከት የነካው አንሶላ በእጇ ሲያልፍ ይውላል፤ እጇ በበረኪና ተልጦ የዓሣ ቆዳ መስሏል፤ ልጇን ያስተማረችው በዚሁ እጅ ነው። ይህን ለመናገር አፏን ከፈተች። የወጣው ግን «ሞታለች» የሚል ቃል ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ያን ጊዜም ቢሆን «ይቅርታ፣ ደንግጬ ነው» ማለት ይቻል ነበር። ግን አስተባባሪዋ ተነስተው አቀፏት። የጥርስ ሐኪሟ ልጅ የራሷን ሻርፕ አውልቃ አንገቷ ላይ ጠመጠመችላት። በዕድሜዋ ሙሉ ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ አቅፏት አያውቅም፤ ጣፋጭ ነገር ነው፤ ጣፈጣት። በሳምንቱ «በምን ሞቱ?» አሏት፤ በኩላሊት አለች። በወሩ እናቷ የሞተችው እሷ እጇን እንደያዘቻት መሆኑን ተናገረች። በዓመቱ ታሪኩ የመጨረሻ ቃል፣ የመጨረሻ ጸሎት፣ የመጨረሻ ፈገግታ ሁሉ ተሟልቶለት ሌሎች አጥቢያዎች ድረስ እየተጋበዘች ትናገረው ጀመር። ስሟ ቀርቶ «ምስክር» ተባለች። በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ ለትንንሾቹ የምታስጠናውም እሷው ነበረች።

የምትኖረው በምትማርበት ትምህርት ቤት ማደሪያ ነው። የእናቷ ቤት በከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ስለሆነ ስትሄድ የሚያያት የለም። መጀመሪያ በየሳምንቱ እሑድ ትሄድ ነበር፤ ቀጥሎ በየወሩ ሆነ። እናቷ ኮቴዋን ከግቢው በር ነው የምትለየው፤ ገና ሳታንኳኳ ከውስጥ «ግቢ የኔ እናት!» ትላለች። በሁለተኛው ዓመት እናቷ በማጠቢያው ክፍል እርጥብ ወለል ላይ ተንሸራታ ዳሌዋ ተሰበረና አልጋ ላይ ዋለች። ምስክር ሦስት ጊዜ ሄዳ ጠየቀቻት። ከዚያ ፈተና ደረሰ፤ ከፈተናው በኋላ የአገልግሎቱ ሰብሳቢ ምርጫ ደረሰ፤ ሰብሳቢ እንደምትሆን ደግሞ ሁሉም ያወራ ነበር። ሰባት ሳምንት ሳትሄድ ቀረች። በስልክ «አገልግሎት በዝቶብኝ ነው እማዬ» ስትላት እናቷ «አይዞሽ፣ የእግዜር ሥራ ይቀድማል» ትላት ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እናቷ ስልኩን ስትዘጋ ለጎረቤቷ ለልብስ ሰፊው «ልጄ እኮ አልጋ የያዙ አሮጊቶችን ነው የምትንከባከበው» እያለች ትኮራባት ነበር። ልብስ ሰፊው ጨዋ ሰው ነው፤ ለእናቷ ምንም አላላትም። በማግስቱ ልጅቷ ወደምታገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ከበሩ ላይ የተረጂዎች ቅጽ ወሰደና ሞላላት።

ቅጹ ላይ ስም አይጻፍም። ቀኝ እጅ የሚሰጠውን ግራ እጅ እንዳያውቅ፣ ተረጂዎች በቤት ቁጥር ብቻ ይጠሩ የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው ራሷ ምስክር ነበረች፤ በዚህም ተመስግናለች። ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይላሉ።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሆነው ወጡ፤ አስተባባሪዋ፣ ምስክር፣ በአጥር ላይ አንገቱ የሚታይ «ረጅሙ» የሚሉት ልጅ፣ እና ሳቂታ። ሳቂታ በጸሎት መሃል ሳቅ እያመለጣት ሁለት ጊዜ ከክፍል የተባረረች፣ መጥረጊያ እንኳ ገልብጣ የምትይዝ ልጅ ናት። ጀርባው ላይ «አገልጋይ» የሚል የተጻፈበት ነጭ ቲሸርት ለብሰዋል። አድራሻውን የያዙት አስተባባሪዋ ናቸው። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ወረቀቱን ዘረጉና አነበቡ፤

«ሰባተኛው ቤት። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር፣ ሦስተኛው ክፍል። ዳሌያቸው የተሰበረ፣ ጠያቂ የሌላቸው እናት።»

ምስክር ባለችበት ቆመች። 

«ሆዴን አመመኝ» አለች። «እኔ ልመለስ።»

«ሰይጣን ነው!» አሉ አስተባባሪዋ። «ሁሌ ወደ በጎ ሥራ ስንሄድ ነው የሚነሳው። ኑ፣ እንጸልይላት!»

መንገዱ መሃል፣ የወፍጮ ቤቱ ዱቄት እየቦነነባቸው፣ ሦስቱም እጃቸውን ሆዷ ላይ ጭነው ጸለዩ። አህያ የሚነዳ ሰው ቆሞ አያቸው። አስተባባሪዋ አሜን ብለው ዓይናቸውን ሲገልጡ «ተሻለሽ?» አሏት። አልተሻለኝም ማለት እግዚአብሔርን ማሳጣት ነው፤ በዚያ ላይ ሰብሳቢ ለመሆን አንድ ሳምንት ነው የቀራት።

«ተሻለኝ» አለች።

አረንጓዴውን በር አልፈው ግቢው ውስጥ ሲገቡ፣ ገና ማንም ሳያንኳኳ፣ ከሦስተኛው ክፍል ድምፅ መጣ።

«ግቢ የኔ እናት!»

«አያችሁ?» አሉ አስተባባሪዋ ደረታቸውን ይዘው። «ሰው ሳያዩ የሚቀበሉ እናት!»

በሩ ተከፈተ። አንድ አልጋ፣ አንድ በርጩማ፣ መስታወቱ ተሰብሮ በላስቲክ የተሸፈነ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለ የአንዲት ትንሽ ልጅ ፎቶ። እናቷ በክርኗ ተደግፋ ከትራሱ ተነስታለች፤ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። ልጇ ጓደኞቿን ይዛላት መጣች! አፏን ልትከፍት ስትል ምስክር ቀደመቻት።

«እንደምን አደሩ እማማ» አለች። «ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣነው። እግዚአብሔር ይማርዎት።»

በቤቱ ውስጥ የሰማት ሁሉ ሰላምታ መስሎት አለፈ። እናቷ ግን አየቻት፤ ቲሸርቱን አየች፤ ከኋላ የቆሙትን አየች፤ ከንፈሯን ገጠመች። ሞኝ ሴት አይደለችም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ገመና ያጠበች ሴት ናት። ቀስ ብላ ወደ ትራሷ ተመለሰችና «ደህና ነኝ ልጄ፣ እናንተ እንዴት ናችሁ?» አለች።

ሥራው ተጀመረ። ሳቂታ «ባልዲ ይኖር ይሆን?» ብላ ስትዞር ምስክር ሳታስበው ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣችላት። «እንዴት አወቅሽ?» ስትባል «ሌላ የት ይቀመጣል?» ብላ ተቆጣች። አስተባባሪዋ ግድግዳውን እያበሱ ወደ ፎቶው መቅረብ ጀመሩ። ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጥርሷ ወልቋል፤ ግን ግንባሯ ላይ ያለው ጠባሳ ዛሬም አለ። ምስክር ፈጠን ብላ ከምስማሩ አወረደችውና የቆሻሻው ጆንያ ውስጥ ከተተችው። ስትወጣ መልሳ ልታነሳው ነበር ሐሳቧ። ረጅሙ ግን በዚያ ቀን የሥራ ቅንዓት ተነስቶበታል፤ ጆንያውን አንከብክቦ ሮጠና በመንገዱ ሲያልፍ የነበረ የቆሻሻ መኪና ላይ ጣለው።

እናቷ ሁሉንም ከአልጋዋ ላይ ሆና ታይ ነበር። 

ቤቱ ሲጸዳ አልጋውን ከበው ተቀመጡ። የአገልግሎቱ ሁለተኛው ልማድ ይሄ ነው፤ ከጽዳቱ በኋላ ቃል ይነበባል፤ ከዚያ ለዚያ ቤት አንድ ልጅ ይመደባል። «የቤት ልጅ» ይሉታል፤ በየቅዳሜው እየመጣ የሚያጥብ፣ የሚያነሳ፣ የሚያጫውት። አስተባባሪዋ እናት ለደቀ መዝሙር አደራ የተሰጠችበትን ክፍል አነበቡና እንባቸውን ጠረጉ።

«ዛሬ ዕጣ አንጥልም» አሉ። «እግዚአብሔር ራሱ ጥሎታል። እርስዎ ልጅ የለዎትም፤ ይቺ ልጃችን ደግሞ እናት የላትም። ምስክር፣ እስቲ ለእማማ ምስክርነትሽን ንገሪያቸው። ይጽናኑበታል።»

ምስክር ሁለት ዓመት ሙሉ መድረክ ላይ የተናገረችውን አሁን አንድ ክንድ ርቀት ላይ ለተኛችው ተናገረች። ድምፁ ያው ነበር፤ የሚቆምበት ቦታ፣ የሚሰበርበት ቦታ ያው ነበር። ምላስ ከለመደ ልብ አያስፈልገውም።

«እናትሽ ምን አሟት ሞተች?» አለች እናቷ።

«ኩላሊቷን።»

«ብዙ ተሰቃየች?»

«አልተሰቃየችም። እጇን ይዤ ነበር።»

እናቷ የራሷን እጅ ከአንሶላው ሥር አወጣችና ትንሽ አየችው።

«እጇ ምን ይመስል ነበር?»

ክፍሉ ውስጥ የበረኪና ሽታ ነበር፤ ከባልዲው ይሁን ከእናቷ እጅ አይታወቅም። ሁሉም ምስክርን ያያሉ። አንድ ቃል፣ አንድ «እማዬ» ብትል ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃ ነበር፤ ትዋረድ፣ ሰብሳቢነቱም ይቀርባት ነበር፤ እናቷ ግን ትተርፍላት ነበር።

«ለስላሳ» አለች ምስክር።

«ነፍስ ይማር» አለች እናቷ፤ ለራሷ።

አስተባባሪዋ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው ተንሰቀሰቁ። ከዚያ የምስክርን ትከሻ ይዘው ወደ አልጋው ገፋ አደረጓት። «እንግዲህ ልጅዎ ይቺውልዎ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች እናቷ። «ይቺን አልፈልግም።»

«ኧረ ለምን እማማ? ከሁሉም የበለጠችዋ እኮ ናት!»

«ትብለጥ። እኔ ከአልጋ የሚያወርደኝ፣ ጀርባዬን የሚያገላብጠኝ ሰው ነው የቸገረኝ። እናቷን የቀበረች ልጅ እኔን ባየች ቁጥር ሬሳ ነው የሚታያት። እናት ያላት ላኩልኝ።»

«እኔ አለችኝ!» አለች ሳቂታ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለች እጇን አውጥታ። «ጨቅጫቃ ናት እንጂ አለችኝ!» ብላ ሳቀች፤ አፏን ብትይዘውም አልቆም አላት። እናቷም ሳቀች። ምስክር ያን ሳቅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

በሳምንቱ ምስክር ሰብሳቢ ሆና ተመረጠች። የሰብሳቢ ሥራ በየቅዳሜው ማታ የየቤቱን ሪፖርት መስማት ነው። «ሰባተኛው ቤት» ስትል ሳቂታ እየዘለለች ትነሳለች። በሁለተኛው ሳምንት እማ ቁጭ ብላለች አለች። በአራተኛው፣ ቀሚስ መተኮስ አስተማረችኝ፣ አንቱ ስላት ትቆጣኛለች አለች። በስድስተኛው በዱላ ሁለት እርምጃ ሄዳለች።

«ግድግዳዋ ላይ ምስማር አለ» አለች ሳቂታ አንድ ቀን። «ምን ነበረበት ብላት፣ የሰው ልጅ ፎቶ ነበር፣ ባለቤቱ መጥቶ ወሰደው አለችኝ። ይገርማል አይደል?»

«ቀጣይ ቤት» አለች ምስክር።

ዘጠነኛው ሳምንት ላይ አላስቻላትም። እሑድ ቀን፣ ቲሸርቱን አውልቃ፣ ብርቱካን ገዝታ ብቻዋን ሄደች። አውቶቡሱ ውስጥ የምትለውን ስትለማመድ ነበር። ጉልበቷ ላይ እወድቃለሁ፤ እግሯን እስማለሁ፤ ቅዳሜ ሁሉም ፊት ቆሜ እናቴ አለች እላለሁ። ይህን ስታስብ ቆርጣ ነበር፤ ሐሰት አልነበረም። አረንጓዴውን በር ገፍታ ገባች። ኮቴዋን ሆን ብላ አሰማች። በግቢው መሃል ቆመችና ጠበቀች።

ከውስጥ ድምፅ አልመጣም።

ቀረብ ብላ አንኳኳች።

«ማን ልበል?» አለች እናቷ።

በሕይወቷ እናቷ ይህን ጠይቃት አታውቅም። «እማዬ» ልትል ስትል፣ ከበሩ ጀርባ የሳቂታ ሳቅ ተሰማ። እሑድ ነው፤ ተራዋ አይደለም፤ ማንም አልላካትም፤ እንዲሁ መጥታለች። «ቆይ እማ፣ እኔ ልክፈት» ትላለች ሳቂታ።

የምስክር ምላስ የለመደውን አደረገ።

«ከቤተ ክርስቲያን ነው» አለች።

የሳቂታ እግር ወደ በሩ ሲመጣ ተሰማ፤ እናቷ «ተይው፣ ተቀመጪ» አለቻት። ቀጥሎ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሳትቆጣ፣ ለእንግዳ እንደሚነገረው ተናገረች።

«የእናንተ ቀን ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ኑ።»