የአባቴ ማርሚታ

…አዎ እኔ ነኝ፣ አባቴን ጆሮህ ሞቷል ብዬ ያሳመንኩት እኔ ነኝ፣ ዕድሜው አይደለም፣ እኔ ዙሌማ፣ የአርባ አራት ዓመት ሴት፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ለሰው ልጅ ስለ እውነት የምሰብክ፣ አሁን መሪውን ይዤ ወደ ጊዶ ጋራዥ እየነዳሁ ነው፣ ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ቅዳሜ የመኪናዋ ገዢ ከሳንታ ፌ ይመጣል፣ ከዚያ በፊት መሆን አለበት። ይሆናል።

ቶሪኖዋ፣ የአባዬ መኪና፣ እንደ ድመት ነው የምትራመደው፣ ያስጠላል፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ሦስት ካርቡራተር፣ ከእኔ በአምስት ዓመት የምትበልጥ የውድድር ዘር፣ እንዲህ ዝም ልትል አልተሠራችም፣ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ።

ምን ላድርግ ነበር፣ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከተማችን ራፋኤላ በሙሉ መስኮቱን ዘግቶ የቀትር እንቅልፉን ሲተኛ፣ አባዬ ጓሮ ወጥቶ ያስነሳታል፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ፣ የማርመው የፈተና ወረቀት ከጠረጴዛው ይንሸራተታል፣ ጎረቤታችን ዶኛ ኢርማ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ኤርሚንዶ፣ እኛስ ይሁን፣ ሙታኑን ተዋቸው ይተኙበት ትለዋለች፣ እሱ አይሰማትም፣ አርባ ዓመት የውድድር መኪና ካርቡራተር ሲያስተካክል ጆሮው አልቋል፣ ግራ ጆሮው ሥር ካልጮኹበት የሰው ድምፅ አይገባውም፣ የመኪናዋን ግን ይሰማል፣ ያን ወፍራም ጩኸት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለተኛዋ ዛሬ ጠምቷታል ይላል፣ ካርቡራተሯን ማለቱ ነው፣ ካቻቢቴውን ሩብ ዙር ያዞራል፣ ልክ ነው። ሁልጊዜ ልክ ነው። እኔን ደግሞ ራሴን ያመኛል፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ራሴን ያመኛል፣ ሰው አይደለሁም እንዴ።

ከዚያ የሐሞት ከረጢቱን ሊያወጡለት ሆስፒታል ገባ፣ ስምንት ቀን፣ በሦስተኛው ቀን መኪናዋን ወደ ጊዶ ወሰድኳት፣ ማርሚታዋን ቀይርና ጸጥ አሰኝልኝ አልኩት፣ ከውጭ ግን ምንም እንዳይታወቅ፣ ጫፉ ያው ይሁን፣ ጊዶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ፣ አስተማሪዋ፣ ሽማግሌው ያውቃል? ያውቃል አልኩ። ምራቄን እንኳ ሳልውጥ።

ሲመለስ ቁስሉ ገና ሳይደርቅ ጓሮ ወጣ፣ በወጥ ቤቱ መስኮት አየዋለሁ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ተነሳች፣ እሱ መነሳቷን አላወቀም፣ እንደገና አዞረው፣ እየሠራ ባለ ሞተር ላይ፣ ሞተሪኖው ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ሲጢጥ አለ፣ ያንንም አልሰማም፣ ለሦስተኛ ጊዜ አዞረ፣ ድሮ ሠራተኛ የሚያባርርበት ስሕተት ነው፣ ወርዶ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፣ ቆየ። ገባና ቁልፉን ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ሰቀለው፣ መነሳቷን እጄ ይነግረኛል፣ ጆሮዬ ግን ሞቷል ልጄ፣ በቃ፣ አለ። ያኔ ነበር። ማርሚታው ነው አባዬ፣ ይኸው ነው፣ ሦስት ቃል፣ እኔ ግን ግራ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብዬ ዕድሜ ነው አባዬ አልኩት። ጮክ ብዬ። እንዲሰማኝ።

ሰባት ወር። ሬዲዮኑን ለዶኛ ኢርማ ሰጠ፣ እሑድ ሥጋው ፍም ላይ እያለ ወዳጆቹ ሲመጡ ተኝቷል በያቸው ይላል፣ ከወይኑ ዳስ ሥር ማቴውን፣ ያን መራራ የቅጠል ሻይ፣ በመምጠጫው ብቻውን ይስባል፣ ውሃው ሲበርድም ይስባል፣ እኔም ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጋደማለሁ፣ እንቅልፍ የለም፣ ጸጥ ያሉትን ብርጭቆዎች አዳምጣለሁ። ባለፈው ሳምንት፣ ለሚሰማት ሰው ትሂድ፣ ገዢ ጥሪልኝ አለ።

ጊዶ ጋ ደረስኩ፣ አሮጌው ማርሚታ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው፣ እንደምትመለሺ አውቄ ነበር ይላል፣ ይህን ያህል ትቆያለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም፣ ሽማግሌው አያውቅም ነበር አይደል? አያውቅም እላለሁ። አሮጌውን ያወርዳል፣ ይፈታል፣ ይበይዳል፣ የቀትር እንቅልፉን ትቶ፣ ወንበር በእግሩ ገፍቶ ያቀርብልኛል፣ አልቀመጥም።

ቁልፉን ሳዞር ደረቴ ውስጥ ነው የምትነሳው፣ ጓ፣ ጓ፣ ጓ፣ ጥርሴ ይንቀጠቀጣል፣ በጓሮ መንገድ አልሾልክም፣ በዋናው፣ በአደባባዩ ዙሪያ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ መስኮቶቹ ይከፈቱ፣ ይቺ ሴትዮ አብዳለች እንዴ ይበሉ፣ ይበሉ፣ ሆዴ ውስጥ ያለችው ሌላዋ፣ ውሸታሟ ዙሌማ፣ ዛሬ ድምፁን ብቻ መልሺለት፣ ጆሮህ ተሻለው በይው፣ ማን ያውቃል ትለኛለች፣ ቆንጆ ሐሳብ ነው፣ ያቺን አውቃታለሁ፣ ሰባት ወር አብሬያት ኖሬአለሁ፣ አፍሽን ዝጊ እላታለሁ፣ ነዳጁን እረግጣለሁ።

የግቢው በር። አባዬ ከወይኑ ሥር ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶኛል፣ ማቴው ወደ አፉ እየሄደ መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። አይዞርም። ራሱን ዘንበል ያደርጋል፣ እንደ ድሮው፣ ፊቱን ባላይም ዓይኑን መጨፈኑን አውቃለሁ። ከዚያ ይመጣል፣ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል፣ ሦስተኛዋ ጠምቷታል፣ ማን ነው የነካት ይላል።

ሞተሩን አላጠፋም፣ ባጠፋው ይቀለኝ ነበር፣ ከጩኸቱ በላይ እየጮኽኩ በግራ ጆሮው እነግረዋለሁ፣ ማርሚታውን፣ ለጊዶ የዋሸሁትን፣ ዕድሜ ነው ያልኩትን፣ ዶኛ ኢርማ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላለች፣ ትስማ፣ ጆሮህ እንደነበረው ነው አባዬ፣ እኔ ነኝ።

መዳፉን ከኮፈኑ ላይ ያነሳል።

ሰባት ወር በቁሜ ቀበርሽኝ፣ ይላል። ቁጣ የለበትም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ ፊቴን አያይም፣ እጁን ይዘረጋል፣ ካቻቢቴውን አምጪ፣ ለዚያ ሰውዬም ደውዪለት፣ አትሸጥም።

አመጣለታለሁ። ጎንበስ ብሎ ሩብ ዙር ያዞራል፣ ያዳምጣል፣ ሌላ ሩብ፣ ቤት ውስጥ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ፣ ራሴን ያመኛል፣ ይመመኝ፣ ነገም ዘጠኝ ሰዓት፣ ከነገ ወዲያም፣ እዚሁ አጠገቡ ቆሜ፣ ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም፣ እሱን ለመጠየቅ ገና አፍ የለኝም፣ እናንተ ግን፣ ይህን ያነበባችሁ፣ ይቅር በሉኝ።