የወጣትነት ጁስ

በዛወርቅ ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ጁስ ቤት ከከፈተች አራተኛ ዓመቷ ነበር። በ2003 መስከረም ላይ አንድ ሻጭ ከጅማ መጥቶ፣ እርጅናን ያዘገያል ያለውን የዱቄት ቆርቆሮ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረ።

"ለብቻው ሰው ይፈራዋል። አቮካዶ ውስጥ ስትጨምሪው ግን ምግብ ነው" አላት።

በዛወርቅ ስድስት ቆርቆሮ ወስዳ፣ በሩ ላይ "የወጣትነት ጁስ" የሚል ወረቀት ለጠፈች። ቤቱ በአንድ ሳምንት ሞላ። ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ኃይለሚካኤል ደግሞ አንድ ቀን አይቀሩም። በስልሳ ዓመታቸው የወለዷትን ናዝራዊትን አንደኛ ክፍል አድርሰው ሲመለሱ ጎራ ይላሉ።

"ይቺን ልጅ ለወግ ለማዕረግ ሳላበቃ መሞት አልፈልግም" በዛወርቅን ይሏታል፤ እሷም ጁሱ ላይ ማሩን ጨመር ታደርግላቸዋለች።

ኅዳር ሲገባ ከጁሱ በኋላ ውሃ በላይ በላዩ ይጠይቁ ጀመር። በዛወርቅ የጤንነት ምልክት መሰላት። አንድ ጠዋት ግን ንግግራቸው ተንተባተበ፤ ከወንበሩም ተንሸራተው ወደቁ። በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰቻቸው።

ዶክተር ምሥራቅ ስኳራቸው ከልክ በላይ መውጣቱን ነገረቻቸው። "የስኳሩን ኪኒን መቼ አቆሙ?"

"ወር አለፈኝ። ደህና የሆንኩ መስሎኝ ነው" አሉ ጋሽ ኃይለሚካኤል ቀስ ብለው።

በዛወርቅ የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውን ያኔ ገና ሰማች። ከሰዓት ቆርቆሮውን ይዛ ተመለሰች። ዶክተሯ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አነበበች።

"ቫይታሚን አለው። የወተት ዱቄትና ስኳር ይበዛዋል። እርጅናን የሚያቆም ነገር ግን አላየሁበትም።"

በዛወርቅ ለሻጩ ደወለች። "ለስኳር በሽተኛ እንደማይሆን ተጽፎበታል" ብሎ ስልኩን ዘጋባት። እውነቱን ነበር፤ በሁለት ወር ውስጥ አንድንም ሰው አንብብልኝ አላለችም።

ወረቀቱን ቀደደች፤ ደንበኞቿንም እየዞረች ነገረች። አንዳንዶቹ አመሰገኗት። እትዬ ታንጉት ግን ተቆጡ። "ጉልበቴ ተሽሎኝ ነበር። ምን አለ ዝም ብትዪኝ?" አሉና ከዚያ ወዲያ አልመጡም።

ጋሽ ኃይለሚካኤል ከሆስፒታል በአምስተኛው ቀን ወጡ። በዛወርቅ ቤታቸው ሄዳ፣ "እኔ ነኝ የጎዳሁዎት" አለች።

"ኪኒኑን ይተዉ አላልሽኝም። ማመን የፈለግሁት እኔ ነኝ" አሏት።

በሳምንቱ መጥተው የተለመደው ቦታቸው ተቀመጡ። ማርም ስኳርም የሌለበት አቮካዶ ፈጨችላቸው። ብርጭቆውን ከማስቀመጧ በፊት ግን ቆም አለች።

"ጋሼ፣ የዛሬውን ውጠዋል?"

ከኮት ኪሳቸው የኪኒኑን እሽግ አውጥተው የዛሬው የወጣበትን ባዶ ቦታ አሳዩአት።