ያልለካኋቸው ሦስት ጠዋቶች

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የእኔን ያወጣው መልአክ ያን ቀን ቸኩሎ ነበር መሰለኝ፣ አመለሸጋ ብሎኝ ሄደ። በአምቦ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት አብረውኝ የሚሠሩ ሁሉ አመሌን ያውቁታል፤ ዶሴ አጣጥፎ የመለሰ ሰው ፊቴ አይቆምም። ባሌ ነጋሳ ግን ከቁጣዬ ጋር አሥራ አንድ ዓመት በሰላም ኖሯል። ስቆጣ ይስቃል፣ ሲስቅ ይበርድልኛል። ያን አርብ ግን አልሳቀም።

ከጎጆ መመለሴ ነበር። በጎጆ ከተማ የአጎቴ ለቅሶ ላይ ሦስት ሌሊት አድሬ፣ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ሚኒባስ ሲያንገጫግጨኝ ውዬ፣ ብርዱ ከአጥንቴ ሳይወጣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ። ልጆቹ ጎረቤት ነበሩ። ነጋሳ ውሃ አሙቆ ጠብቆኝ እግሬን ራሱ አጠበኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ፎጣውን እያጠፈ፣

«ዛሬ ተከፍቷል» አለኝ።

ይህ የቤታችን ቋንቋ ስለሆነ ላስረዳችሁ። እኛ ካቶሊኮች ነን፤ እሱ ከልጅነቱ፣ ኦርቶዶክስ ቤት ያደግኩት እኔ ደግሞ ከጋብቻዬ ወዲህ። ቤተ ክርስቲያናችን የወሊድ መከላከያ ኪኒንም መርፌም አትፈቅድም። የምትፈቅደው ሴቲቱ የምትፀንስባቸውን ቀኖች ለይቶ በእነዚያ ቀኖች መታቀብን ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ከአልጋ ሳልነሳ፣ አፌን ለወሬ ሳልከፍት፣ ቴርሞሜትሩን ምላሴ ሥር አደርጋለሁ። ቁጥሩን ለነጋሳ እነግረዋለሁ፤ እሱ ቁም ሣጥኑ በር ላይ በውስጥ በኩል በለጠፈው ሠንጠረዥ ይጽፈዋል። ሚስት ትለካለች፣ ባል ይጽፋል፤ ኃላፊነቱ የሁለት ነውና። ሙቀቱ ከፍ ብሎ ሦስት ቀን ከቆየ የመፅነሻው ጊዜ አልፏል ማለት ነው። ያኔ «ተከፍቷል» እንላለን። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ለሚጋቡ ወጣቶች ይህንኑ ስናስተምር ኖረናል። ነጋሳ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ስለሆነ ሠንጠረዡ የእሱ ነው፤ ሴቶቹ ለመጠየቅ የሚያፍሩበትን የምመልሰው እኔ ነኝ።

ሦስተኛ ልጃችንን ከአሥራ አራት ወር በፊት ወለድኩ። ሦስቱንም በኦፕራሲዮን ነው። በመጨረሻው ጊዜ የድሮው ስፌት ሆዴ ውስጥ ተተርትሮ፣ ነጋሳ ደም ፍለጋ ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞረው። ስድን ሐኪሟ ሁለታችንንም አስቀምጣ፣ «አራተኛ እርግዝና ከመጣ እናትየዋን አላተርፋትም፤ አሁኑኑ እወቁት» አለችን። ነጋሳ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ማህፀን ማስቋጠርን ግን ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድም አለ፤ እኔም ተስማማሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነፍሴ የተንጠለጠለችው በዚያ ሠንጠረዥ ላይ ነው። መጀመሪያ በተከፈቱት ቀኖች እሺ እለው ነበር። በኋላ ግን ሲነካኝ የሐኪሟ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር፣ አራት ወር ሙሉ እምቢ አልኩት።

«ደክሞኛል ነጋሳ» አልኩት ያን አርብ።

«ድካም ከሆነ ነገም ቀን ነው። ግን ድካም አይደለም። አራት ወር የሚቆይ ድካም የለም።»

«እፈራለሁ።»

«ለፍርሃቱ አይደለም እንዴ ሠንጠረዡ? በተዘጉት ቀኖች ጠይቄሽ አውቃለሁ?»

«አታውቅም።» እውነቱን ነው፣ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

«ታዲያ በተከፈተው ቀን የምትከለክዪኝ በምን ምክንያት ነው? ሐዋርያው በግልጽ ጽፎታል። ሚስት በገዛ ሰውነቷ ላይ ሥልጣን የላትም፣ ሥልጣኑ የባሏ ነው። ያለ ምክንያት መከልከል ኃጢአት ነው፣ አመልዬ። እኔ ያወጣሁት ሕግ አይደለም።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸትን በጩኸት መመለስ እችልበታለሁ።

«ለአባ ገመቺስ ነግሬያቸዋለሁ» አለ፤ ቄሳችን ናቸው። «ነገ ትምህርቱ ላይ ይገኛሉ። ነገም እምቢ ካልሽ እሁድ እንዴት ብለሽ ትቆርቢያለሽ?»

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ናት፤ ቤተሰብ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ አግዳሚ ይቀመጣል። ሰው ሁሉ ለቁርባን ሲነሳ ተቀምጦ የቀረ ሰው ይታያል፤ ሌላው ጉልበቱን እየታከከ ያልፈዋል። ማንም አይጠይቀውም፤ ሁሉም ግን በልቡ ይጠይቃል። አስተማሪዋ እኔ እንደዚያ ስቀመጥ ታየኝ። ከሰው ዓይን በላይ ደግሞ የእኔው እምነት አስጨነቀኝ። እኔ ለይምሰል የምቆርብ ሴት አይደለሁም። ነጋሳ ትክክል ከሆነስ? ቀኑ ከተከፈተ ምክንያቴ ምንድን ነው?

ያን ቀን ከልጆቹ ጋር ተኛሁ። ስንት ቀን ሆነው፣ ማን ቆጠረው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ሰባት ዓመት ቆጠራው የነጋሳ ነበር፤ እሱ ተከፍቷል ካለ ተከፍቷል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀኑ ተከፍቷል ስለተባለ መለካቱን ትተን፣ ጎን ለጎን ሆነን ወደ አዳራሹ ሄድን። የሁሉቃ ወንዝን ድልድይ ስንሻገር ቁርጤን አወቅሁ። ዛሬ ሲመሽ እሺ እለዋለሁ፤ ነገ እቆርባለሁ። ይህን ስወስን እጄ ሳላዘው ሄዶ ስፌቴን በቀሚሴ ላይ ያዘ። ፈርቼ ነበር፤ ልጆቼን ማን ያሳድጋቸዋል እያልኩ ነበር የምራመደው።

አዳራሹ ውስጥ ስድስት ጥንዶች ነበሩ። አባ ገመቺስ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ፤ ከሰላምታቸው ነጋሳ ሁሉን እንደነገራቸው ገባኝ። ትምህርቱን እንደ ልማዳችን በሐዋርያው መልእክት ጀመርን። ለሴቶቹ የተጻፈውን ነጋሳ ያነባል፣ ለወንዶቹ የተጻፈውን እኔ አነባለሁ። ነጋሳ የራሱን ሲያነብ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ የእኔን በጥድፊያ አንብቤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ጠመኔውን አነሳ።

«ሌላ ጊዜ የድሮ ምሳሌ ነበር የምናሳያችሁ» አለ። «ዛሬ ከራሳችን ቤት፣ ትኩሱን።»

ሰኞ ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት። ማክሰኞ ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት። ረቡዕ ነጥብ ሰባት። ሐሙስ ነጥብ ስምንት። አርብ ነጥብ ስምንት። ነጥቦቹን በማስመሪያ አገናኝቶ ሦስቱን ከበባቸው። «ሦስት ከፍተኛ ቀኖች» አለ። «በሩ እዚህ ላይ ተከፍቷል። ከዚህ በኋላ የሚከለክል ነገር የለም።» ይህን ሲል የሚያየው ጥንዶቹን አልነበረም።

ሃቦኔ የምትባል ልጅ እጇን አወጣች። ነርስነት የምትማር፣ ነገር የማታልፍ ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ረቡዕ ላይ እንዲህ የዘለለው ትኩሳት ይዟቸው ቢሆንስ? ትኩሳትም ያሳስታል ብላችሁናል።» ወደ እኔ ዞረች። «አዴ አመለሸጋ፣ ረቡዕ ጠዋት ደህና ነበሩ?»

ደህና ነበርኩ ልል አፌን ከፈትኩ። ረቡዕ ጠዋት የት እንደነበርኩ ያኔ ታየኝ። የአጎቴ ቤት ወለል ላይ፣ ከአልቃሾች መሐል፣ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተሸፋፍኜ ነበርኩ። ደጁን ውርጭ ነጭ አድርጎት ነበር። ቴርሞሜትሩ ደግሞ አምቦ፣ መሳቢያ ውስጥ።

«ረቡዕ ጠዋት ጎጆ ነበርኩ» አልኩ። «ሐሙስም። አርብም።»

ሃቦኔ ሰሌዳውን አየች፣ እኔን አየች።

«ታዲያ ማን ለካ?» አለች።

ነጋሳ አልደነገጠም። የሚገርመው እሱ ነው፤ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ተረጋግቶ መለሰ። «ጎጆ ኔትወርክ የለም፣ ልደውልላት አልቻልኩም። ባዶ እንዳይቀር ያለፉትን ስድስት ወሮች አማካይ ወሰድኩ። በስድስቱም ወር በዚሁ ቀን ነው ከፍ ያለው። ልዩነቱ ከአንድ ቀን አይበል...» ቃሉን አልጨረሰውም። የሚለው ነገር ለራሱም ያኔ ነው የተሰማው።

ተነሳሁ።

«እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው» አልኩት። «አምቦ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረ ጊዜ የተመታ ማህተም ያለበት፣ ከእናቴ ዕድሜ የሚበልጥ ዶሴ በእጄ አለ። ባዶ የሆነው ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ማንም በግምት አልሞላውም፤ መሬት በሐሰት የሚያወርስ፣ ባለመሬቱን የሚያስነቅል እሱ ነዋ! አንተ የሰው መሬት እንኳ በማይሰጥበት ግምት እኔን ሰጠህ?»

«ማሎ አመልዬ፣ እባክሽ፣ ሰው ፊት...»

«ሰው ፊት ልታስፈርድብኝ ያመጣኸኝ አንተ ነህ! ሦስት ሌሊት ሳልተኛ፣ ሳለቅስ፣ ብርድ ሲቀጠቅጠኝ፣ ሰውነቴ ዘግይቶ ቢሆንስ? ሐኪሟ በአማካይ ትሞቻለሽ አይደለም ያለችኝ። ትሞቻለሽ ነው ያለችኝ። ዛሬ ሲመሽ እሺ ልልህ ነበር፣ ታውቃለህ? መንገድ ላይ ወስኜ ነበር!»

ዳስተሩን አንስቼ ሦስቱን ቁጥሮች አጠፋኋቸው። ነጋሳ ፊቱ አመድ መሰለ። ግን ግትር ነው፤ አንዴ የያዘውን ጥያቄ ሳይጨርስ አይለቅም። ወደ ኋላ ዞረ።

«አባ፣ በቁጥሩ አጥፍቻለሁ» አለ። «ግን አራት ወር ነው። እኔም ሰው ነኝ። ሚስት መከልከል ትችላለች ወይ? ይፍረዱን።»

«ኦቦ ነጋሳ» አሉ አባ ገመቺስ፣ «ቅድም ለሴቶቹ የተጻፈውን አንብበሃል። ለወንዶቹ የተጻፈውን ማን አነበበ?»

«እኔ፣ አባ» አልኩ።

«እስቲ ድገሚው።»

ሰባት ዓመት ስለው የኖርኩት ነው፤ ለእኩልነት ያህል፣ እንደ ማጣፈጫ። «ባልም እንዲሁ በገዛ ሰውነቱ ላይ ሥልጣን የለውም፤ ሥልጣኑ የሚስቱ ነው።» ይህን ስል ጆሮዬ የራሴን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማው።

«እንግዲያስ ነጋሳ» አልኩት፣ «ሰውነቴ የአንተ ከሆነ ሰውነትህ የእኔ ነው። የእኔ የሆነውን አዝዣለሁ፤ ይቀመጥ። ራሴ ለክቼ፣ ራሴ ጽፌ፣ ሳልፈራ እስክጠራው ድረስ ይቀመጥ።»

አንዱ ወጣት ሳቅ አመለጠው፤ እጮኛው በክርን ጎሸመችው።

«ያለ ምክንያት መከልከል በደል ነው፤ ይህን አልደብቃችሁም» አሉ አባ ገመቺስ። «ሞትን መፍራት ግን ምክንያት ነው። የትዳር ጓደኛን ሁኔታና ፈቃድ ሳያዩ መጫንን ቤተ ክርስቲያን የፍቅር ሥራ ብላ አታውቅም። አብራችሁ መታቀብ ያቃታችሁ እንደሆነ እኔ ጋ ትመጣላችሁ እንጂ አንዱ ሌላውን በሐዋርያው አያስፈራራም።» ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመሩ። «እኔም አጥፍቻለሁ። ቀኑ ተከፍቷል ስትለኝ ማን ለካው ብዬ አልጠየቅሁህም።»

ትምህርቱ በዚያው አበቃ። ነጋሳ ሰሌዳውን ሙሉውን ጠርጎ፣ የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ ላይ እያራገፈ ረጅም ጊዜ ቆመ።

እሁድ ጠዋት እንደ ልማዴ፣ ሳልነሳና ሳልናገር፣ ቴርሞሜትሩን ምላሴ ሥር አደረግኩ። ነጋሳ ቁም ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ስክሪብቶው በእጁ ነው። ሦስቱ የጎጆ ቀኖች ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፎባቸዋል። አውጥቼ አየሁት። ዓይኔን ጠርጌ ደግሜ አየሁት።

«ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት» አልኩ።

አልጻፈም። ቁጥሩ ወደ ላይ አልወጣም ነበር። ረቡዕም አልወጣም፣ አርብም አልወጣም፣ ገና አልወጣም። የመፅነሻው ጊዜ አላለፈም፤ በሩ የተከፈተው በነጋሳ ስሌት ውስጥ ብቻ ነበር። መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ስክሪብቶውን ሰጠኝ። ራሴ ተነስቼ ጻፍኩት።

በቅዳሴው ሰዓት ቦታችን ላይ ተቀመጥን፤ እሱ በመተላለፊያው በኩል፣ እኔ ወደ ውስጥ። አባ ገመቺስ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ሲሉ ሰው ሁሉ ለቁርባን ተነሳ። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሳሁ። ነጋሳ አልተነሳም። በሃምሳ ሰው ፊት፣ ሰባት ዓመት ያስተማረው ነጋሳ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከፊት ያሉት ዞር ብለው አዩት።

«ተነስ እንጂ» አልኩት በሹክሹክታ። ሰው ሲያየው አሳዘነኝ፤ ይህንንም አልደብቅም።

«ዛሬ አይሆንም» አለኝ ቀና ሳይል። «ገድዬሽ ነበር እኮ።»

ጉልበቱን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀልኝ፤ አልፌው ሄድኩ።