ለአንዲት ዋኔ

አቡ ፋሪስ ደንብ ይወዳል። ዓርብ ዓርብ ከሪያድ ወጣ ብሎ ባለው እርሻው ዋኔ የምትባለውን የዱር ርግብ ለማደን የሚመጡ እንግዶቹን በረድፍ ያቆምና ይነግራቸዋል፦ ሁሉም ብርቱካናማ ሰደርያ ይልበስ፤ አፈሙዝ ወደ ጎን አይዙር፤ ጠመንጃው ሁሉ ባዶ ሳይሆን ማንም ወደ ፊት አይራመድ። ደግ ደንብ ነው። ችግሩ፣ "ማንም" ሲል ሐበሻውን አልቆጠረም።

ሙሉጌታ የአቡ ፋሪስ ሹፌር ነው። ተመትታ የወደቀች ዋኔ ነፍሷ ሳትወጣ ሮጦ የሚያርድ ሰው ሲፈለግ አቡ ፋሪስ፣ "አንተ ክርስቲያን ነህ፤ ሙስሊም ፈልግልኝ" አለው። ሙሉጌታም ሪያድ ውስጥ ጀራዲያ ሰፈር አብሮት የሚኖረውን ሳዲቅን አመጣ። ሁለቱም የወሎ ልጆች ናቸው። በአንድ ክፍል ያድራሉ፣ ሽሮ በአንድ ትሪ ይበላሉ፤ ሥጋ የተሠራ ቀን ግን ድስታቸው ለየቅል ነው። ሳዲቅ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም፤ ሥራ ተገኘ ሲሉት ግን ጫማውን ሳያስር የሚነሳ ሰው ነው።

ለሳዲቅ ሰደርያ አልተረፈም። አንዲት ዋኔ ከረድፉ ፊት ወድቃ ስትንፈራገጥ ቢላውን ይዞ ቆመ። ተኩሱ አላባራም ነበር።

"ያላ፣ ሩጥ! ከሞተች ሐራም ናት!" ብሎ ጮኸ አቡ ፋሪስ።

ሳዲቅ ወደ ሙሉጌታ ዞረ። "ወንድሜ፣ ልሂድ?"

"አብሽር፣ ሂድ፤ እያዩህ አይደል እንዴ?"

ሮጠ። ከዳር የቆመው እንግዳ ዝቅ ብላ የምትበር ሌላ ዋኔ በአፈሙዙ እየተከተለ ዞረና ተኮሰ። ሳዲቅ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ።

ሳዲቅን ከኋላ አስተኝተው በመኪና ወደ ከተማ ሲበሩ አቡ ፋሪስ ከሙሉጌታ ጎን ተቀምጦ፣ "ማንም አላዘዘውም። ኢቃማህን የማድሰው እኔ ነኝ፤ ተርሂል ገብተህ መጠረዝ ካማረህ ሌላ ተናገር" አለው።

ሆስፒታል ፖሊስ መጣ። እንግዶቹ የአቡ ፋሪስ ወገን ስለሆኑ፣ ሳዲቅ ታዞ እንደሮጠ የሚመሰክርለት ከሙሉጌታ ሌላ ሰው አልነበረም። ያቺ ቃል ካልተነገረችለት ያለ ካሳ፣ ባንድ ዓይኑ አገሩ መግባቱ ነው።

"ማንም አላዘዘውም። ራሱ ነው የሮጠው" አለ ሙሉጌታ። ምላሱ እንኳ አልተደናቀፈም። ታሪኩን የምነግራችሁ እኔ አፈርኩለት።

ሳዲቅን ሁለቱንም ዓይኑን በፋሻ ጠቅልለው አስተኝተውታል። ቀኙ እንደማይመለስ ሐኪሙ ተናግሯል። የሙሉጌታን ኮቴ ሲሰማ እጁን ዘረጋ።

"ወንድሜ፣ ነገርክልኝ?"

"ነገርኩልህ።"

"አላህ ይስጥህ" አለና እጁን ጨበጠው። ሙሉጌታ እጁን ማስለቀቅ ፈልጎ አቃተው። ቆይቶ ሳዲቅ፣ "ዋኔዋስ? ደረሳችሁባት?" አለ።

"ሞታ ነው የተገኘች። ጣሏት።"

በዚያ ቀን ከሙሉጌታ አፍ የወጣው እውነት ይኸው ብቻ ነው።