ከአልጋዬ ሥር ያለችው ጄሪካን

ታናሽ ወንድሜ እንዲማር ብዬ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን የምታስታውስ እናታችን ነበረች፤ እሷንም ቀበርናት። ለቀብሯ ስንሄድ የወንድሜ መኪና ውስጥ ልገባ ስል፣ እኔ የምቀመጥበት ወንበር ላይ ጋዜጣ አነጠፈ። «ሽታው አይለቅም እኮ» አለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ሽታው የሥራዬ ነው። ከአትክልት ገበያው ጀርባ ባለው ግቢ የጎመን ቅጠሉን፣ የሙዝ ልጣጩን እየከመርን ማዳበሪያ እናደርገዋለን። ክምሩን የሚያበስለው እርሾ ነው፤ በዓይን የማይታዩ ደጋግ ተሕዋስያን ያሉበት፣ የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሆነውን ሞላሰስ እየተመገበ በርሜል ውስጥ የሚኖር ቡናማ ውሃ። አሥራ አንድ ዓመት የተንከባከብኩት እኔ ነኝ። ሽታው ጎምዘዝ ካለ ደህና ነው። ክምሩ ውስጥ ክንድህን ስትከት ካቃጠለህ ደህና ነው። ሌላ ትምህርት የለኝም።

አምና ወንድሜ የግቢው ኃላፊ ሆኖ መጣ። በሰው ፊት «አንተ» ብዬ ስጠራው ፊቱን አጠቆረብኝ፤ ከዚያ ወዲህ «እርስዎ» አልኩት። በሳምንቱ «ይሄ በርሜል ቆሽሿል» ብሎ እርሾውን በባልዲ አስወጣና በርሜሎቹን በበረኪና አሳጠበ። ሳይለቀለቁ እርሾውን መለሰባቸው፤ በቧንቧ ውሃም አበዛው። በረኪና እርሾ እንደሚገድል አውቃለሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የተማረ ይግደለኝ ብዬ ዋጥኩት።

በአሥራ አምስት ቀን ክምሩ ቀዘቀዘ። የተበላሸ እንቁላል ሸተተ፣ ዝንብ ወረረው። ጎረቤት ከሰሰ። የጤና ቢሮው «በአንድ ወር ካልተስተካከለ ይታሸጋል» አለ። አራት ልጆች ብቻዋን የምታሳድገው፣ እትዬ የምንላት የግቢያችን ቆሻሻ ለቃሚ ክምሩ አጠገብ ቆማ፣ «ምነው ኢንጂነር፣ እንዲህ አጥበው የገነዙት ማንን ሊቀብሩ ነው?» አለችው ወንድሜን። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የሚዘጋው የልጆቿ ጉሮሮ ነው።

በማግስቱ ወንድሜ እርሾ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ወንድም ጋሼ» አለኝ። እናታችን ከሞተች ወዲህ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። «ምን አጠፋሁ?»

«በረኪናው ነው። የቧንቧው ውሃም ክሎሪን አለው።»

«የተረፈ እርሾ አለ?»

ሆዴ «የለም በለው» አለኝ። እትዬን አሰብኳት።

«አለ» አልኩት።

ከአልጋዬ ሥር፣ ለክፉ ቀን ብዬ በየወሩ የማድሳት አንዲት ጄሪካን ነበረች። በሞላሰስና በዝናብ ውሃ አበዛናት፤ ክምሩን እየገለበጥን አጠጣነው። በሃያ ሦስተኛው ቀን ወንድሜ እጅጌውን ሳይሰበስብ ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተ።

«ያቃጥላል!» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ጋሼ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?»

በረኪናው እርሾውን እንደሚገድል እያወቅኩ ዝም ማለቴን አያውቅም። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ያን ዕለት ከሥራ ስንወጣ መኪናውን አቁሞ በሩን ከፈተልኝ። ወንበሩ ላይ ምንም አልተነጠፈም።

ያልነገርኩትን ይዤ መቀመጥ ከበደኝ፤ በእግሬ ሄድኩ።