የጋሼ ሙህዲን ክርንና የጣሰው ደም

ሸማ ተራ አጠገብ ከአይሱዙ ላይ የተንሸራተተ የጨርቅ ቦንዳ ሁለት ሰው ጣለ። አንዱ የጅምላ ነጋዴው ጋሼ ሙህዲን ናቸው፤ ክርናቸው ተላጠ። ሌላው ተሸካሚው ጣሰው ነው፤ ቦንዳው ግራ ጎኑ ላይ አረፈበት። ጣሰው ግን ወዲያው ተነስቶ አቧራውን ስላራገፈ፣ የተሰበሰበው ሰው በአንድ ድምፅ "ምንም አልሆነም" ብሎ ፈረደ። መርካቶ ውስጥ መቼም ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም።

ጋሼ ሙህዲን ግን ጮኹ። ስድስት ሰው ተሸክሟቸው ወደ ቅርቡ ክሊኒክ ሮጠ። ጣሰውም የወለቀ ጫማቸውን ይዞ ተከተለ፤ ጫማ ብቻውን አይሄድማ።

ክሊኒኩ ያለው አንድ አልጋ ነው። ማን እንደተኛበት መናገር አያስፈልግም። ዶክተር ኢርፋን ክርኑን በጥንቃቄ ሲጠርግ፣ ነርሷ ሩሀማ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ጣሰውን አየችው። ከንፈሩ ነጥቷል፤ ላብ አጥምቆታል።

"አንተስ?"

"እኔ ጫማ ላደርስ ነው።"

"ና ቁጭ በል፣ ደም ልውሰድ።"

"ደም ከተመረመረ የኔ ይቅደም!" አሉ ጋሼ ሙህዲን።

የሁለቱም ተወሰደ። የጣሰው ሄሞግሎቢን አስራ ሦስት ሆነ።

"ይኸው፣ ደህና ነው። ይሂድ" አለ ዶክተሩ።

"ዶክተር፣ ውስጥ ውስጡን የሚደማ ሰው ቁጥሩ ወዲያው ላይወርድ ይችላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንድገመው" አለች ሩሀማ።

ዶክተሩ ፊቱን አጨማደደ፤ እምቢ ግን አላለም። ሲደገም ዘጠኝ ሆነ። አልትራሳውንዱም ሆዱ ውስጥ የተጠራቀመ ደም አሳየ።

"ጋሼ፣ ከአልጋው ይውረዱ" አለች ሩሀማ።

"የኔስ ስንት ሆነ?"

"አስራ ሰባት። ለሌላም ይተርፋሉ። ስኳርዎ ግን ከፍ ብሏል።"

ጣሰውን በአምቡላንስ ሆስፒታል አደረሱት፤ የተቀደደ ጣፊያው በቀዶ ሕክምና ወጣለት።

በአምስተኛው ቀን ጋሼ ሙህዲን ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት መጡ። እጃቸው ከአንጓው እስከ ትከሻው በፋሻ ተጠቅልሏል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

"ያኔ አሞህ ነበር እንዴ?"

"በጣም እንጂ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ከነርሷ በቀር ማን ጠየቀኝ?"

ጋሼ ሙህዲን አቀረቀሩ። ከዚያ ፋሻውን በጥርሳቸው ፈቱና፣ በሁለቱም እጃቸው ብርቱካን ይልጡለት ጀመር።