የእመት ዓሊማ የሐጅ ገንዘብ

ዶክተር ጀሚል ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቆቦ ሲገባ ሐሳቡ አንድ ብቻ ነበር፤ የእናቱን ገንዘብ ከዞብል ባንክ ማውጣት። ያውም ሰው ሳያውቅ። እስቲ አሁን ቆቦ ላይ ሰው የማያውቀው ምን ነገር አለ?

የባንኩ ምክትል ፕሬዚዳንት ራሱ ጀሚል ነው። ሰሊጥ ላኪ ነኝ ላለ አንድ ነጋዴ ባንኩ ከአቅሙ በላይ ሲያበድር የፈረመውም እሱ ነው። ነጋዴው ዱባይ ገብቶ ቀረ። ባንኩ ነቀዝ እንደገባበት ማሽላ ሆነ፤ ከላይ ሲያዩት ሙሉ፣ ሲነኩት ዱቄት። ይህን ከአራት ከአምስት ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ጀሚል ግን ጠንቅቆ ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ባንክ እንዴት እንደሚወድቅ ሲያስተምር ኖሯል። ብሔራዊ ባንክ ሲገባም ሥራው የባንኮችን ጓዳ መፈተሽ ነበርና፣ እንዲህ ያለውን ብድር የፈረመ ሰው ፊቱ ሲቀርብ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኋላ የዞብል ባንክ ሰዎች “ደመወዝህን ሦስት እጥፍ እናድርግልህ” ሲሉት ወደ እነሱ ተሻገረ። ጓደኞቹ ያኔ “ጠባቂው ተጠባቂ ሆነ” ብለው ሳቁበት። አሁን ስልክ በጮኸ ቁጥር የብሔራዊ ባንክ እንዳይሆን ቁጥሩን አይቶ ነው የሚያነሳው።

እናቱ እመት ዓሊማ ፍየል እያረቡ፣ ማሽላ እየሸጡ ለሐጅ ያጠራቀሙት ገንዘብ እዚያ ነው ያለው። ወለዱን “ሐራም ነው፣ አይንካኝ” ብለው ትተውታል። ዋናውንም ያስገቡት ልጃቸው ስላለ ነው። እሳቸው ብቻ መች ሆኑና! ከጎብዬ እስከ ዋጃ በሬውን ሸጦ ያስገባው ሁሉ “የዓሊማ ልጅ ያለበት ባንክ” እያለ ነው ያስገባው።

“እማ፣ የሐጅ ክፍያ ተጀምሯል። ዛሬውኑ ማውጣት አለብን” አላቸው።

እመት ዓሊማ ምንም አልጠየቁም። ሄደው አሻራቸውን ሰጡ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ደጀን ግራ ቢገባውም አለቃውን ምን ይበለው? ቆጥሮ በፌስታል አስረከበ። ጀሚል ፌስታሉን በኮቱ ሸፍኖ ወጣ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የጀሚል ግን ማደርም አላስፈለገው። ስለ ምንዛሬ ቢጠይቁት ውሎ የሚያወራው ሰውዬ ስለ ሐጅ ምዝገባ አንድም ነገር አያውቅም። ጎረቤታቸው ሳሊሀ ግን ታውቃለች፤ ባሏን አምና የሸኘች ናት።

“የምን ክፍያ? ምዝገባው መቼ ተከፈተና!” አለች ገንዘቡ ለሐጅ መውጣቱን ስትሰማ። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። “ውይ! ልጁ ያወቀው ነገር አለ!”

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ደግሞ ገበያ ነበር። ገና ረፋዱ ሳይደርስ ደጀን ደወለ፦ “ዶክተር፣ ይድረሱልኝ! ሰዉ በሩን ሊሰብረው ነው!”

ጀሚል ሲደርስ ሰልፉ ከባንኩ ደጃፍ እስከ አስፋልቱ ተዘርግቷል። ፍየሉን ሳይሸጥ እየጎተተ የመጣ አለ፣ ልጅ ያዘለች አለች። ይህንን ሰልፍ ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሥሎታል! የሰሌዳው ሰልፍ ግን ዓይን አልነበረውም። ይሄኛው ያየዋል። እውነቱን ቢናገር ከፊት ያሉት ይወስዳሉ፣ ከኋላ ያሉት ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ፣ እሱም ወህኒ ይወርዳል። ቢዋሽ ሁሉም አምኖ ይመለስና የሁሉም ገንዘብ አብሮ ይበላል። ያ አላህ! ደግሞ ሐቁን እንነጋገር ከተባለ፣ አብዝቶ የፈራው ወህኒውን ነው።

ተሾመ የሚባሉ የጎብዬ ገበሬ ወደ ፊት ወጡ። “ስማ ልጄ፣ ሁለቱን በሬዎቼን ሸጬ ነው ያስገባሁት። ሌላ የለኝም። እናትህ ለምን አወጡ? እሱን ብቻ ንገረን።”

ጀሚል “ለሐጅ…” ብሎ ጀመረ። ይሄኔ ሰዉ ተከፈለና እመት ዓሊማ ፌስታላቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ።

“ይሄ ሁሉ ሰው በኔ የተነሳ ነው?” አሉ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። “ጀሚል፣ በሰው ፊት እጠይቅሃለሁ። ይሄ ባንክ ይታመናል ወይስ አይታመንም?”

ደጀን በመስኮት እያየው ነው።

“ይታመናል፣ እማ።”

“ወላሂ በል።”

“ወላሂ።”

“እንግዲያው የኔንም መልሱት!” ብለው ፌስታሉን ገብተው ደጀን ፊት አስቀመጡ።

ግማሹ “አልሐምዱሊላህ”፣ ግማሹ “ተመስገን” እያለ ተበተነ። ሳሊሀ አፍራ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ሄደች። ተሾመ የጀሚልን ትከሻ ስመው “ዕድሜ ይስጥህ ልጄ” አሉና ወደ መኪና መናኸሪያው አቀኑ። ግመሉን ገና መሸጡ የሆነ አንድ ሰው እንዲያውም አዲስ ሒሳብ ከፈተ። ጀሚል ይህን ላለማየት በባንኩ ጓሮ ዞሮ ወጣ።

ቤት ሲገቡ እመት ዓሊማ ጫማቸውን እያወለቁ “ምዝገባው እንዳልተከፈተ ትናንትም አውቅ ነበር” አሉ።

ጀሚል ክው አለ። “ታዲያ ለምን መለስሽው?”

“የሰውን በሬ እዚያ ጥዬ ካዕባን ልዙር? ባንኩ እንደታመመ ፊትህ ነግሮኛል። የኔ ከነሱ ጋር ካለ ግን እንቅልፍ አይወስድህም፤ የሁሉንም አብረህ ታድናለህ። ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርከው ለዚህ አይደል?”

“እማ… ባይድንስ?”

የእመት ዓሊማ እጅ ጫማው ላይ ቀረ። “ባይድን ማለት? አንተ እያለህ?”

ጀሚል አንገቱን ደፋ።

“ወላሂ ብለሃል እኮ” አሉ በቀስታ። ፊታቸው አመድ መሰለ። “በሰው ሁሉ ፊት፣ በአላህ ስም ምለሃል።”

“እማ፣ ተይ፤ ቁጭ በይ። ያስሩኛል።”

እሳቸው ግን ነጠላቸውን አንስተው በባዶ እግራቸው ወጥተዋል። የጎብዬው መኪና ሄዷል፤ ተሾመ ሄደዋል። ጀሚል እስከ ደጁ ተከትሏቸው እዚያው ቆመ። የሳሊሀ በር ሲደበደብ ይሰማዋል።

“ሳሊሀ! ሳሊሀ! ባንኩ ሳይዘጋ ሩጪ፣ ገንዘብሽን አውጪ! ልጄ ዋሽቶናል!”